ለሆርን ስፒከር የሚሆን አምፕሊፋየር ስትመርጡ

ሆርን ስፒከር (ድምፁን በመለከት ቅርጽ አፍ የሚያጎላ ስፒከር) ያላችሁ የለገጣፎ፣ የሰበታና የቱሉ ዲምቱ ሰዎች፣ አምፕሊፋየር ስትገዙ የዋቱ ብዛት አያጓጓችሁ። በ1 ዋት 104 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የሚሰጥ ሆርን የሚያወጣውን ድምፅ ለማግኘት፣ በ1 ዋት 90 ዲሲቤል የሚሰጠው ስፒከር 25 ዋት ያህል ይፈልጋል። ጥራት ያለው 10 ዋት ለሳሎን ይተርፋል።

ዋናው ፈተና ጸጥታው ነው፤ ሆርን የአምፕሊፋየርን ጉድ አይሸፍንም። ከመክፈላችሁ በፊት ከራሳችሁ ሆርን ጋር አገናኙት፣ ሌላ ምንም ሳትሰኩ ቮሊዩሙን ዜሮ አድርጋችሁ ጆሯችሁን አስጠጉ። «ሽሽሽ» የሚል ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጌይኑ (ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን) በዝቷል፤ 20 ዲሲቤል አካባቢ የሆነውን ፈልጉ። «እምምም» ካለ ትራንስፎርመሩን ወይም የኧርዝ መስመሩን ጠርጥሩ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ «ዷ» የሚለው ምት የኮምፕሬሽን ድራይቨሩን (ከሆርኑ ጀርባ ያለውን ድምፅ አመንጪ) ስስ ዲያፍራም (የሚንቀጠቀጥ ሽፋን) ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ስፒከሩን ከጥቂት ሰከንድ በኋላ የሚያገናኝ ሪሌይ (በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሌለውን ባትገዙ ይሻላል፤ መብራት እንደጠፋም ማብሪያውን ወዲያው አጥፉት።