ትንሽ አውሮፕላን እንዴት ይጫናል? የደሴቶቹ ስሌት በሐዋሳ ሙቀት

በስኮትላንድ ሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች፣ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ የሚደረገው በረራ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሎጋንኤር የተባለው አየር መንገድ ይህን መስመር የጀመረው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው። የሚሠራበት አይላንደር ሁለት የፒስተን ሞተር ያለው አነስተኛ አውሮፕላን ነው። በዚህ ልክ ባለ አውሮፕላን አንድ ወፍራም ሰው ወይም አንድ ጆንያ ቡና ስሌቱን ይለውጣል። ስለዚህ ሰውና ዕቃ የሚጫነው በግምት ሳይሆን በሚዛን ነው። ያው አውሮፕላን ከሐዋሳ ቢነሣ እንዴት እንደሚጫን ደረጃ በደረጃ እንይ።

1. መነሻውን ቁጥር ያዙ። የአይላንደር ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 2,994 ኪሎ ነው። ባዶ ክብደቱን ከራሱ የሚዛን ሰነድ ውሰዱ፤ አንድ ዓይነት የሚባሉ ሁለት አውሮፕላኖች እንኳ እኩል አይመዝኑም፤ ሬዲዮ፣ ቀለምና ጥገና ልዩነት ያመጣል። ለምሳሌ 1,900 ኪሎ እንበል። አብራሪውን 85 ኪሎ ጨምሩ።

2. ነዳጁን በኪሎ አስሉ። ነዳጅ የሚቀዳው በሊትር ነው፤ አውሮፕላን የሚሸከመው ግን ኪሎ ነው። የፒስተን ሞተር ቤንዚን አንዱ ሊትር 0.72 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 300 ሊትር 216 ኪሎ ይሆናል። በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ የካናዳ ቦይንግ 767 ነዳጁ ሰማይ ላይ ያለቀበት፣ ሠራተኞቹ ኪሎውን በፓውንድ ስሌት በማምታታቸው ነው። ለጉዞው ከሚበቃው በላይ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ ለፒስተን ሞተር ቢያንስ 45 ደቂቃ፣ ከዚያም ወደ ተለዋጭ ማረፊያ የሚያደርስ። ተለዋጭ የሌላት ብቸኛ ደሴት ከሆነች ተጨማሪ ይቀዳል። ያ ሁሉ ነዳጅ የሰው ቦታ ይወስዳል።

እስካሁን፦ 2,994 − 1,900 − 85 − 216 = 793 ኪሎ።

3. ሰውንም ሻንጣንም መዝኑ። ተሳፋሪው ከነጃኬቱ፣ ከነእጅ ቦርሳው ሚዛን ላይ ይውጣ። «ስንት ትመዝናለህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ብዙ ሰው አሳንሶ ይናገራል። የሚዛኑን ቁጥር ከጸሐፊው በቀር ሌላው እንዳያየው አዙሩት፤ በሰው ፊት መመዘን ለብዙዎች ያሳፍራል። አማካይ ክብደት ለትልቅ አውሮፕላን ይሠራል፣ ለትንሹ ግን አደገኛ ነው። በጥር 2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቻርሎት የወደቀው ቢችክራፍት 1900፣ ተሳፋሪዎቹ ከተገመተው አማካይ በላይ ከብደው ወደ ጅራቱ አጋድሎ ነበር፤ የጅራት መቆጣጠሪያ ገመዱም በትክክል አልተስተካከለም። 21 ሰው ሞተ።

ስምንት ሰው በአማካይ 78 ኪሎ ቢመዝን 624 ኪሎ ነው፤ ለሻንጣ 169 ይቀራል። ባሕር ጠለል ላይ ላለች ደሴት ይህ በቂ ነው።

4. አሁን ሐዋሳን ጨምሩ። ከተማዋ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የበረራ ስሌት እንደ መደበኛ የሚወስደው ሙቀት 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲሆን ልዩነቱ 24 ነው፤ አንዱ ዲግሪ በግምት 36 ሜትር ከፍታ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሞተሩና ክንፉ 2,560 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ይሠራሉ። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የፒስተን ሞተር እዚያ ከኃይሉ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል፤ ማኮብኮቢያውም ይረዝምበታል። ማለዳ በ16 ዲግሪ ቢነሣ ግን 2,130 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጭነት ካላችሁ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ተነሡ።

የሚፈቀደውን ክብደት የሚነግራችሁ የአምራቹ መመሪያ ሠንጠረዥ ነው። በዚያ ሙቀት 2,750 ኪሎ ብቻ ቢፈቅድ፣ ከ793 ላይ 244 ይቀነሳል፤ 549 ይቀራል። ስድስት ሰው፣ እያንዳንዱ 13.5 ኪሎ ሻንጣ ይዞ፣ ይሄዳል ማለት ነው። ሰባተኛው ቢገባ ለሻንጣ የሚተርፈው 3 ኪሎ ነው! «ትንሽ ነው፣ ይሂድ» የሚለው ልመና እዚህ መቆም አለበት።

5. ሚዛኑን አስተካክሉ። ክብደቱ በወሰኑ ውስጥ ቢሆንም ቦታው ሊያጠፋ ይችላል። የእያንዳንዱን ሰውና ዕቃ ክብደት፣ አምራቹ ለመለኪያ ከወሰነው መስመር ባለው ርቀት አባዙ፤ ውጤቱን ደምሩና በጠቅላላ ክብደት አካፍሉ፤ የስበት ማዕከሉ ቦታ ይወጣል። አንድ 60 ኪሎ ጆንያ ከኋላ ወደ ፊት 3 ሜትር ቢዛወር፣ አውሮፕላኑ 2,900 ኪሎ ከሆነ፣ 60×3÷2,900፣ ማዕከሉ 6.2 ሴንቲሜትር ይንቀሳቀሳል። የሚፈቀደው ወሰን ራሱ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ይህ ቀላል አይደለም። ጅራቱ ከከበደ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣል፣ ክንፉ አየሩን ለቆ ማንሣት ሲያቅተው አውሮፕላኑን መመለስ ያቅታል። ፊቱ ከከበደ ደግሞ አብራሪው ለመነሣት መሪውን ሲስብ አፍንጫው አይነሣለትም።

ስትጭኑ ከፊት ጀምሩ፣ ስታራግፉ ከኋላ ጀምሩ፤ አለበለዚያ አውሮፕላኑ በጅራቱ ሊቀመጥ ይችላል። ዕቃውን በመረብ እሰሩ፤ በሚናወጥ አየር ያልታሰረ ጆንያ ወደ ኋላ ሲንሸራተት የስሌቱን ወረቀት ያበላሻል።

ሰው ቀርቶ ሌላ ቢተካ፣ ወይም አንድ ካርቶን ቢጨመር፣ ከደረጃ 3 ጀምሮ እንደገና ይሰላል። አብራሪው ሎድ ሺቱ (የጭነት ስሌት የተጻፈበት ወረቀት) ላይ ይፈርማል፤ አንዱ ቅጂ አብሮት ይበራል፣ ሌላው መሬት ይቀራል፤ ቢያንስ ሦስት ወር መቀመጥ አለበት።