ዕቃ ስንመክር ጥቅማችንን የምንሸፍንባቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር አንድ ወጣት መሐንዲስ የግንባታ ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ ለጠፈ። የሚያፈስ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ጣሪያ ነው፤ ከውስጥ በኩል ቀለሙ ተላጦ ቢጫ የውሃ ምልክት ሠርቷል። «ምን ባደርግ ይሻላል?» አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰዎች የአራት ዓይነት ውሃ መከላከያ ስም ጻፉለት። ጣሪያው ተዳፋት አለው ወይ፣ የውሃ መውረጃው ተደፍኖ ይሆን፣ ውሃው የሚገባው ከመሃል ነው ወይስ ከግድግዳው መጋጠሚያ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ከአራቱ ሁለቱ ዕቃውን ራሳቸው እንደሚሸጡ አውቃለሁ። አልተናገሩም። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ ነው ዛሬ የምጽፈው።

«በውስጥ መስመር አናግረኝ»

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ምክሩ በአደባባይ ይሰጣል፤ ዋጋውና ሻጩ ግን በውስጥ መስመር ይነገራል። ልጁ ከሻጭ ጋር እያወራ መሆኑን የሚያውቀው ልቡ የዕቃውን ስም ከያዘ በኋላ ነው። ሌላው ባለሙያ «ቆይ፣ ለዚህ ችግር እሱ አይሆንም» ብሎ እንዳያርመው ደግሞ ንግግሩን አያየውም።

ደላላን እናማለን እንጂ ደላላ በዚህ ከእኛ ይሻላል። ደላላ ነኝ ብሎ ይመጣል፤ የምታዳምጡት ኮሚሽን እንዳለው እያወቃችሁ ነው። እኛ ግን የምንናገረው «ኢንጂነር» በሚለው ስም ነው። ልጁ የሚያምነው ያንን ስም ነው፤ ከልጁ ጀርባ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ ቤቱ ላይ ያፈሰሰ ሰው አለ። ግሩፑ ውስጥ የለም፣ ምክራችንንም አያይም፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን እሱ ነው። ሻጭ ከሆናችሁ የዕቃውን ስም ከመጥራታችሁ በፊት፣ እዚያው በአደባባይ ተናገሩት።

«ዕቃው እኮ ጥሩ ነው»

ይሄን እኔም ብዬዋለሁ። ከዓመታት በፊት የባለቤቴ ወንድም የግንባታ ዕቃ መደብር ነበረው። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ስለ መታጠቢያ ቤት ውሃ መከላከያ ሲጠይቀኝ፣ እዚያ የሚሸጠውን ዓይነት ነገርኩት፤ ሱቁንም ጠቆምኩት። አንድ ሳንቲም አልወሰድኩም፤ ዕቃውም ደህና ነበር፣ አላፈሰሰም። ልጁ ሁለተኛ ጊዜ ሊገዛ ሲሄድ ግን ባለሱቁ «እሱ እኮ የእህቴ ባል ነው» አለው። ሳይት ላይ መጣና ፌሮ እየቆጠርኩ ሳለ አጠገቤ ቆመ። «ኢንጂነር፣ ቀድመው ቢነግሩኝም እገዛው ነበር። አሁን ግን አምና ስለ ብሎኬቱ የመከሩኝንም መጠራጠር ጀመርኩ» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የብሎኬቱ ምክር ንጹሕ ነበር፤ እሱ ግን ያንን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የተደበቀ ጥቅም ሲገለጥ የሚያበላሸው የዛሬውን ምክር ብቻ ሳይሆን የኋላውንም ነው። የዕቃው ጥራት ይህን አይጠግነውም።

ጥቅም ማለት ኮሚሽን ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

የዘመድ ሱቅ ጥቅም ነው። ነገ ሥራ ይሰጠኛል ብላችሁ የምትጠብቁት አስመጪም፣ በነጻ ለሥልጠና የወሰዳችሁ ድርጅትም፣ የቀድሞ ቀጣሪያችሁም እንደዚያው። ተፎካካሪን ማጣጣልም እዚህ ይገባል፦ «ያ ዕቃ ቶሎ ይሰነጠቃል» የሚለው ሰው የሌላኛው ወኪል ከሆነ፣ ወኪልነቱን ለመናገር ያለበት ግዴታ ዕቃውን ካመሰገነ ሻጭ አያንስም።

አድበስብሶ መናገር

«በዚህ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ ስለሠራሁ...» ብሎ መጀመር ጥቅምን መግለጽ አይደለም። በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው ነው። «እኔ ነኝ የማስመጣው» ወይም «ከሸጥኩ ኮሚሽን አገኛለሁ» የሚለው አጭር ነው፣ ማንም ይገባዋል።

ውክልና ይዞ ዝም ማለት

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ላለ የቤት ባለቤት ዕቃ የምትገዙ፣ የእናንተ ነገር ከጨዋነት አልፎ ሕግ ይነካል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2209 ተወካይ ለወካዩ ጥቅም ብቻ መሥራት እንዳለበት፣ ወካዩ ሳያውቅም በውክልናው ከሚያደርጋቸው ውሎች ጥቅም ማግኘት እንደማይችል ይደነግጋል። ባለቤቱ በየሳምንቱ በሚላክለት ፎቶ ነው ቤቱን የሚያውቀው። ከሲሚንቶው ላይ የምታገኙት ነገር ካለ ፎቶው ላይ አይታይም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ንገሩት።

ተናግሬያለሁ ብሎ መዝናናት

ይሄኛው ስህተት የሚገጥመው ቅን ሰዎችን ስለሆነ ያሳስበኛል። ዴይልያን ኬይን፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ዶን ሙር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በመስታወት ማሰሮ ውስጥ ያለ ሳንቲም ስንት እንደሚያወጣ እንዲገምቱ አደረጉ። ገማቾቹ ማሰሮውን ለአፍታ ከራቅ ብለው ነበር ያዩት፤ ቀርበው ያዩ አማካሪዎች ይመክሯቸው ነበር። ግምቱ ከፍ ሲል የሚጠቀሙት አማካሪዎች ጥቅማቸው ሲገለጽ ይባስ አጋነኑ፤ ሰሚዎቹም ግምታቸውን የሚገባውን ያህል ዝቅ አላደረጉም። «ነግሬዋለሁ፣ ከዚህ በኋላ የራሱ ጉዳይ ነው» የሚል ስሜት ማጋነንን ያቀላል ማለት ነው። ስለዚህ ከተናገራችሁ በኋላም ዕቃው የማይሆንበትን ቦታ ጨምሩ፤ የማትሸጡትንም አማራጭ ስሙን ጥሩ።

ጀማሪዎች፣ ኮሚሽን ማግኘታችሁ አያሳፍርም። ደመወዙ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። የሚያስፈራኝ ጥቅሙ ሳታውቁት ምርመራችሁን ሲያሳጥርባችሁ ነው፤ የምትሸጡት ነገር በእጃችሁ ካለ ተዳፋቱን መለካት ትረሳላችሁ።

ያ ፎቶውን የለጠፈው ልጅ በማግስቱ ጣሪያው ላይ ወጣ። መውረጃው ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ቅዳጅና የደረቀ ሞርታር አገኘ። ካጸዳው በኋላ መውረጃውን ለጊዜው ደፍኖ 24 ሰዓት ውሃ አቆመበት፤ ሶሌታው ደህና ነው፣ በአንድ ማዕዘን ከግድግዳው መጋጠሚያ ብቻ ያፈስሳል። ፎቶውን መልሶ ሲለጥፍ፣ ከአራቱ አንዱ እዚያው በአደባባይ እንዲህ ብሎ ጻፈለት፦ «ቀድሜ አልነገርኩህም፤ የጠቆምኩህን ዕቃ የምሸጠው እኔ ነኝ። ለዚህ አንድ ባልዲ ይበቃሃል፤ መጀመሪያ ስድስት ብዬህ ነበር።»