ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ማንበብ ላልቻለ ልጅ፦ ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራን

በገጠር ትምህርት ቤት ልጁ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ማንበብ ስለማይችል ነው። የጠዋቱን ትምህርት ከሰዓት መድገም ለዚህ ልጅ ማጠናከሪያ አይሆነውም። መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ ለዩ።

በአንድ ወረቀት ላይ 20 ፊደላት አዘበራርቃችሁ፣ 10 አጫጭር ቃላትና ባለ 4 ዓረፍተ ነገር አንቀጽ ጻፉ። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ከክፍል ውጭ አስነብቡ፤ ክፍል ውስጥ ከሆነ የጓደኛውን ድምፅ ይከተላል። ለአንድ ልጅ 4 ደቂቃ ይበቃል፤ 50 ልጅ ካለ ለሦስት ከሰዓት ከፋፍሉት። ጣታችሁን «ሚ» ላይ ስታሳርፉ ከ«መ» ተነስቶ እየቆጠረ የሚደርስ ልጅ ፊደል አልለየም፤ የያዘው ዜማውን ነው።

ከዚያ ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉትን በፊደል፣ በቃልና በአንቀጽ ምድብ አደባልቁ። ሦስቱ መምህራን በአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ አንድ ምድብ ይያዙ። ትልልቆቹ ከታናናሾቻቸው ጋር ፊደል መቁጠር ያሳፍራቸዋል፤ የፊደል ካርድ ማደሉን ለእነሱ ስጡ፣ ምድቡንም «ደካማ» ብላችሁ አትጥሩ።

የፊደል ምድብ ብዙ ሥራ አለው። 231ዱን ፊደል በአንዴ አትዘርግፉ። በሳምንት ሦስት ቤት (ከለ እስከ ሎ ያሉት ሰባቱ አንድ ቤት ናቸው) ብትይዙ 33ቱ በ11 ሳምንት ያልቃሉ። በገበታው ተራ ግን አትሂዱ፤ ለ፣ መ እና ሰን አስቀድሙ፤ በእነዚህ ብቻ ላም፣ ሰም፣ ሰማ፣ ሙሉ፣ መልስ፣ ሰላም ይጻፋል። ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ቃል ካነበበ ከትምህርቱ አይቀርም። ካርዱን ከብስኩት ካርቶን ቁረጡ፤ ለአንድ ምድብ 21 ካርድ በሁለት በሁለት ቅጂ ይበቃል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ሳድስ (የየቤቱ ስድስተኛ ፊደል) ላይ ነው። ካዕብ (ሁለተኛው) እና ሣልስ (ሦስተኛው) እያንዳንዳቸው በአብዛኛው ቤት ምልክታቸው አይለወጥም፤ ል፣ ም፣ ስ ግን እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽ አለው፣ በቃላት ውስጥም በብዛት ይመጣል። ለሳድስ ብቻ በየሳምንቱ አንድ ቀን መድቡ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በድምፅ አንድ መሆናቸውን ንገሯቸውና እለፉ፤ አጻጻፉ ቆይቶ ይመጣል።

በገበያ ቀንና በአጨዳ ወቅት አዲስ ፊደል አታስተዋውቁ፣ ክለሳ አድርጉ። የቀረው ልጅ ሲመለስ የሚይዘው ካርድ ለብቻው ይቀመጥ። በየወሩ በዚያው ዓይነት ወረቀት ፈትኑ፤ ቃላቱን ግን ቀይሩ፣ አለበለዚያ በቃሉ ይዞት ይመጣል። ከ10 ቃል 8 ያነበበ በማግስቱ ወደሚቀጥለው ምድብ ይለፍ።