ሆስፒታሉ በጥናት እንዲሳተፉ ሲጠይቅዎ፦ ከመፈረምዎ በፊትና በኋላ

እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ሕክምና፣ ትምህርትና ምርምር በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሚካሄዱ፣ ለሕክምና የሄደ ሰው «በጥናት ይሳተፋሉ?» ሊባል ይችላል።

1. የጥናቱን ዓይነት ይለዩ። መጠይቅ መሙላት ብቻ ነው? የሕክምና ካርድዎ ይታያል? ደም ይወሰዳል? ወይስ መድኃኒት ይሞከራል? መጠይቅ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል፤ የመድኃኒት ሙከራ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ደም የሚወሰድ ከሆነ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በስንት ጊዜ አንዴ እንደሆነ ይጠይቁ። 5 ሚሊ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው።

2. ጥናትንና ሕክምናን አያምታቱ። ብዙ ታካሚ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሐኪሜ ለእኔ የሚሻለውን መርጦልኛል» ብሎ ይፈርማል። በመድኃኒት ሙከራ ግን ማን የትኛውን እንደሚወስድ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው ዕጣ ነው። መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ላይ የተደረገውን «ስትሪም» የተባለ ጥናት እንውሰድ። ከተካሄደባቸው ቦታዎች መካከል አዲስ አበባ የሚገኙት የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና የአርመር ሐንሰን የምርምር ተቋም ነበሩ። በዕጣ ተለይተው ከፊሎቹ 20 ወር ገደማ የሚፈጀውን፣ ሌሎቹ ከ9 እስከ 11 ወር የሚፈጀውን ሕክምና ወሰዱ። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ሲታተም አጭሩ ከረጅሙ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ሲጀመር ግን ይህን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር፤ ዕጣ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

3. የስምምነት ቅጹን ቤት ወስደው ከቤተሰብ ጋር ያንብቡት። በሚገባዎት ቋንቋ ካልተጻፈ አይፈርሙ። የጥናቱ ዓላማ፣ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት፣ ጉዳት ቢደርስ የሚያሳክምዎ ማን እንደሆነ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ናሙናው የት እንደሚቀመጥና ወደ ውጭ አገር ይላክ እንደሆነ፣ እንዲሁም የተመራማሪውና ጥናቱን የፈቀደው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ስልክ ሊኖርበት ይገባል። የኮሚቴው ስልክ ከሌለ ይጠይቁ፤ ቅሬታ ቢኖርዎ የሚደውሉት ወደዚያ ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው የጥናቱ ሠራተኛ ያልሆነ ምስክር ባለበት እስከ መጨረሻው ይነበብለታል፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ ይፈርማል። ከፈረሙ በኋላ አንዱ ቅጂ የእርስዎ ነው።

4. መድኃኒቱን በታዘዘው ሰዓት ይውሰዱ። ጿሚ ከሆኑ ከመጀመርዎ በፊት ይናገሩ። ጠዋት ከምግብ ጋር የሚወሰድ ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሚጾም ሰው ጋር አይሄድም፤ ሰዓቱ ሊስተካከል ይችል እንደሆነ የሚያውቁት ተመራማሪዎቹ ናቸው። ኮሶም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት፣ ከፋርማሲ የገዙትም ቢሆን፣ አይደብቁ። የተረፈውን ኪኒን ከነዕቃው ይመልሱ፤ ተቆጥሮ ይመዘገባል። ጥለውት «ጨርሻለሁ» ቢሉ መድኃኒቱ ሳይሠራ የቀረ ይመስልና ውጤቱ ይዛባል። ስልክ ቁጥር ሲቀይሩም ያሳውቁ፤ በምርመራዎ አሳሳቢ ነገር ቢገኝ የሚፈልጉዎ በእሱ ነው።

5. ማቋረጥ ቢፈልጉ ምክንያት እንዲሰጡ አይገደዱም፤ መደበኛ ሕክምናዎም አይቋረጥም። ዝም ብለው ግን አይጥፉ፤ በድንገት ሲቆሙ የሚጎዱ መድኃኒቶች አሉና እንዴት እንደሚያቆሙ ጠይቀው፣ የመጨረሻውን ምርመራ አድርገው ይውጡ።