ብዙ ወራት የጠበቁት ኡኩሌሌ ሲደርስ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእጅ የሚሠራ ኡኩሌሌ (ጊታር የሚመስል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ) አዝዞ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት የጠበቀ ሰው ካርቶኑ እጁ ሲገባ ትዕግሥቱ እዚያው ያልቃል። ሠሪው እንጨቱን በትዕግሥት አድርቆ፣ በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ልጎ የላከው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በሚወደው ባለቤቱ እጅ ነው።

እንደደረሰ ከፍቶ መጫወት። ኡኩሌሌው በመኪናና በአውሮፕላን የዕቃ ክፍል ቀናት አሳልፏል፤ ቀዝቅዟል ወይም ሞቋል። የፊቱ ሳንቃ ውፍረት ደግሞ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ እንጨት በድንገት ሞቃት ክፍል ውስጥ ሲገለጥ ቅቡ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ስንጥቆች ሊሞላ ይችላል፤ በተለይ ናይትሮሴሉሎስ ላከር የሚባለውን ቅብ የተቀባ ከሆነ። ካርቶኑ የተጨፈለቀ ወይም የተቀደደ መሆኑን አይተው ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱት። ከዚያ የኡኩሌሌውን መያዣ ሣጥን ሳይከፍቱ ኡኩሌሌው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ 24 ሰዓት ያቆዩት። ካርቶኑንና መጠቅለያውንም አይጣሉ፤ ለጥገና መመለስ ካስፈለገ ከእሱ የተሻለ መላኪያ አያገኙም።

እርጥበትን ችላ ማለት። ከሁሉም የከፋው፣ ደግሞም በቀላሉ ሊቀር የሚችለው ይህ ነው። እንጨት ከአየሩ እርጥበት ሲወስድ ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው በእንጨቱ ተፈጥሯዊ መስመር አግድም ነው፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ከፊቱ ሳንቃ ሥር መስመሩን አቋርጠው የተለጠፉ ደጋፊ ዘንጎች አሉ። ሳንቃው ሊኮማተር ሲል ዘንጎቹ ይይዙታል፤ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ስንጥቅ የሚመጣው ስለተመታ ብቻ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን አያውቁም።

«ቅቡ ስለሚያብረቀርቅ እንጨቱ ተዘግቷል» የሚለው እምነት ስህተት ነው። የኡኩሌሌውን ሆድ በድምፅ ቀዳዳው አጮልቀው ይመልከቱ፤ ባዶ እንጨት ነው። አየሩ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። እንደ ኮአ ያለ ሞገድ የሚመስል መስመር ያለው እንጨት ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ያ የሚያምረው ሞገድ መስመሩ ቀጥ አለማለቱን ያሳያል፤ እንቅስቃሴውም እንደ ቀጥተኛ እንጨት በቀላሉ አይገመትም። ከዞጲ (ጥቁር ጠንካራ እንጨት) የተሠራ የጣት ሰሌዳም፣ በአንገቱ ላይ ጣት የሚያርፍበት፣ ድርቀት ሲበዛበት የሚሰነጠቅ እንጨት ነው።

የሚፈለገው አንጻራዊ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ይህን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ ትንሽ ዲጂታል የእርጥበት መለኪያ ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጡ። መለኪያውንም ሳይፈትሹ አይመኑት። የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ጨው አድርገው እስኪረጥብ ብቻ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩ፤ መቅለጥ የለበትም። ከመለኪያው ጋር አየር በማያስገባ የፕላስቲክ ከረጢት ዘግተው ያሳድሩት። በማግስቱ 75 በመቶ ማሳየት አለበት። 70 ካሳየ፣ ከዚያ በኋላ በሚያነቡት ሁሉ ላይ 5 ይደምሩ።

ድርቀት ራሱን አስቀድሞ ያስታውቃል። ጣትዎን በአንገቱ ጠርዝ ላይ ሲያንሸራትቱ የፍሬቶቹ (በጣት ሰሌዳው ላይ አግድም የተገጠሙት ቀጭን ብረቶች) ጫፍ ከጫረዎት የጣት ሰሌዳው ተኮማትሯል ማለት ነው፤ ብረቱ ግን ባለበት ነው። ከዚያ የፊቱ ሳንቃ ይሰምጣል፣ ክሮቹ ይወርዳሉ፣ ፍሬቱን እየነኩ ይንጫረራሉ። እርጥበት ሲበዛ ተቃራኒው ነው፤ ሳንቃው ይነፋል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፣ ድምፁ ይታፈናል። ለድርቀት ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ርጥብ ስፖንጅ ይበቃል፤ ነገር ግን አንዲት ጠብታ እስከማይወጣው ድረስ ተጨምቆ መሆን አለበት። ግድግዳ ላይ መስቀል ለዓይን ያስደስታል፤ የክፍሉን እርጥበት እስካልተቆጣጠሩ ድረስ ግን የኡኩሌሌው ቦታ የተዘጋ ሣጥኑ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሳድሉን መሞረድ። ሳድል ክሮቹ በሚታሰሩበት፣ በፊቱ ሳንቃ ላይ በተለጠፈው እንጨት (ብሪጅ) ላይ ተቀምጦ ክሮቹን የሚደግፍ ስስ የአጥንት ዘንግ ነው። ከላይ የተባለውን የተረዳ ሰው ይህን አያደርግም። ክሩ ከፍ ያለው ሠሪው ተሳስቶ ሳይሆን ሳንቃው በመንገድ ላይ እርጥበት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሞርደው ዝቅ ያደረጉት ክር እንጨቱ ሲረጋጋ መንጫረር ይጀምራል፤ የተሞረደውም አጥንት ተመልሶ አይበቅልም። በትክክለኛው እርጥበት ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ከዚያ ኡኩሌሌው እንደተቃኘ በ12ኛው ፍሬት አናትና በክሩ ሥር መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ለአብዛኛው እጅ ይመቻል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ዝቅ ለማድረግ ከሳድሉ 1 ሚሊ ሜትር መውረድ አለበት፤ ሳድሉ ከ12ኛው ፍሬት ይልቅ ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ በጎድጓዳው ከሚያልፉበት ዘንግ) ሁለት እጥፍ ይርቃልና። የሚቀነሰው ከሥሩ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ዘርግቶ። ሥሩ ከጎበጠ ብሪጁ ላይ በሙሉ አይቀመጥም፣ ድምፅም ይጠፋል።

ብዙ ጀማሪ ሳድሉን የሚወቅሰው ችግሩ ነቱ ላይ ሆኖ ሳለ ነው። ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጭነው በ1ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ይዩ፤ በጭንቅ የሚታይ ብቻ መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ ባዶ ክሮቹ ተቃኝተው እያሉ በመጀመሪያዎቹ ፍሬቶች ላይ የሚያዙ ኮርዶች ከቅኝት ያልፋሉ። የነት ሥራ ግን ለሠሪው ይተው፤ አንዴ የጠለቀ ጎድጓዳ አይመለስም።

የብረት ክር ፈጽሞ አይግጠሙበት፤ ብሪጁን ነቅሎ ያወጣዋል።

«ቅኝት አይይዝም» ብሎ መፍረድ። አዲስ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ክር ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይለጠጣል። በየዕለቱ ወደ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ እየመለሱ ይታገሱት። መቃኛው ማርሽ የሌለው ከሆነና ከተንሸራተተ ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን ሩብ ዙር ያጥብቁ። ሶልን በወፍራሙ፣ ዝቅ ባለው ድምፅ መቃኘት የሚፈልጉ ደግሞ ሲያዙ ለሠሪው ይንገሩት፤ ለቀጭን ክር የተከፈተ የነት ጎድጓዳ ወፍራሙን አያስገባም፣ ሲያስገድዱትም ጠርዙ ይሰበራል።

ቅቡን ሳያውቁ ማጽዳት። ሼላክ የሚባለው ቅብ በአልኮል ይሟሟል፤ የእጅ ሳኒታይዘር ሳይደርቅ መንካት ብቻ ምልክት ይተዋል። ናይትሮሴሉሎስ ላከር ደግሞ ከአንዳንድ ማቆሚያዎች ጎማ ጋር ሲነካካ ይቀልጣል። ሲሊኮን ያለው ማጽጃ ወደ እንጨቱ ከገባ በኋላ ለሚመጣ ጥገና ቅብ አይይዝም። ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ዘይት የሚቀባው ቅብ የሌለው የጣት ሰሌዳ ብቻ ነው፤ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ጥቂት ጠብታ።

ቀለሙ ሲለወጥ አይደንግጡ። ብርቱካናማ ቀይ የነበረው ፓዱክ ቡናማ ይሆናል፣ ሐምራዊው ፐርፕልኸርትም እንዲሁ። ብርሃን ያፋጥነዋልና ፀሐይ ላይ አይተዉት።

የእንጨቱን ስም በጽሑፍ አለመቀበል። ኮአ ከሃዋይ ደሴቶች ውጭ በተፈጥሮ የማይበቅል ግራር ነው፤ ለድንበር ማለፍ ችግር የለበትም። ሮዝውድ ግን የተለያየ ነው። የብራዚሉ ሮዝውድ፣ ዳልበርጂያ ኒግራ፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳይተስ (ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ) ስምምነት አባሪ 1 ላይ ስለሚገኝ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። ሌሎቹ የዳልበርጂያ ዝርያዎች በ2017 እ.ኤ.አ. አባሪ 2 ውስጥ ቢገቡም ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ሆነዋል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ሮዝውድ» ተብሎ መጻፉ አይበቃም፤ ሳይንሳዊ ስሙ ይጻፍልዎ፤ ወረቀቱም ከኡኩሌሌው ጋር ይኑር።

ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው። የእንጨት ሙጫ በዚያ ሙቀት ይላላል፤ ብሪጁን የያዘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙጫ ብቻ ነው። ከጠረጠሩ በብሪጁ የኋላ ጠርዝ ሥር ስስ ወረቀት ለማስገባት ይሞክሩ። ከገባ ክሮቹን ያላሉ፤ በራስዎ ሙጫ አይጨምሩበት፣ አሮጌው ሳይጸዳ አዲሱ አይይዝምና። ጠርዙን በጎን ብርሃን፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገው ፎቶ ያንሱና የሣጥኑን እርጥበት ጽፈው ለሠሪው ይላኩለት።