4.5 ወይስ 5.5? ለመጋዘን የአየር ጠመንጃ ሲመረጥ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ የእህል መጋዘን ያለው ሰው ከአይጥ ጋር ሳይታገል አይከርምም። ድመቱም ወጥመዱም አልበቃ ሲል አንዳንዱ ወደ አየር ጠመንጃ ይዞራል፤ ያኔ «4.5 ሚሊሜትር ልግዛ ወይስ 5.5?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል፤ ቁጥሩ ካሊበሩ፣ ማለትም የጥይቱ ውፍረት ነው። በዚህ ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ ጥያቄው ብዙ ጊዜ እኔ ዘንድ ይመጣል። የሚያናድደኝ ግን ጠያቂው ገና ሳልመልስለት ልቡን አንዱ ላይ ጥሎ መምጣቱ ነው። ልቡን የጣለበት ምክንያት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ፍጥነት።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይኸው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት መምረጥ ነው። «በሰከንድ 350 ሜትር» የሚል ቁጥር ያየ ሰው ሌላ ነገር አይጠይቅም። እንዲህ ያለ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከእርሳስ በቀለለ የብረት ቅይጥ ጥይት ተለክቶ ነው፤ እናንተ የምትተኩሱት ግን እርሳስ ነው። አንድ ጠመንጃ የሚሰጠው ጉልበት የተወሰነ ነው። ግማሽ ግራም የሚመዝን የ4.5 ጥይት በሰከንድ 250 ሜትር ሲሄድ የሚይዘው ጉልበት 15.6 ጁል ነው። 0.95 ግራም የሚመዝን የ5.5 ጥይት በሰከንድ 180 ሜትር ብቻ ሲሄድ ደግሞ 15.4 ጁል ይይዛል። ጉልበታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት ያንን ጉልበት በሚያሳርፉበት መንገድ ነው፤ ቀጭኑና ፈጣኑ በስቶ የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ወፍራሙና ዝግተኛው አይጡ ላይ ጉልበቱን የመጨረስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

«4.5 ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ 5.5 ግን ቶሎ ይወድቃል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሜዳ ላይ። በ30 ሜትር ርቀት ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። መጋዘን ውስጥ ግን ከ10 እና ከ15 ሜትር በላይ የሚተኮስበት ቦታ ከየት ይመጣል? በዚያ ርቀት ማነጣጠሪያውን አንዴ በትክክል ያስተካከለ ሰው ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

እንግዲህ ምርጫው የሚጀምረው ከአይጡ ጀርባ ምን እንዳለ በማየት ነው። አንድ የበቆሎ መጋዘን አውቃለሁ። ጥበቃው በጣሪያው ማገር ላይ የሚሮጡትን አይጦች በ4.5 ሲተኩስ ከረመ። ጎበዝ ተኳሽ ነበር፤ ሆኖም የሳተውም በስቶ ያለፈውም የሚያርፈው ባረጀና በሳሳ ቆርቆሮ ላይ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ በሩን ዘግተን ቀና ስንል ጣሪያው በብርሃን ነጠብጣብ ተወርሮ አገኘነው። ሐምሌ ሲገባ ውኃው በእያንዳንዱ ቀዳዳ እየተንጠባጠበ የላይኛውን ረድፍ ጆንያ አራሰው፤ በቆሎው ሻገተ። የሻገተ በቆሎ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊይዝ ይችላል፤ መርዙን ደግሞ መቀቀልም መጋገርም አያጠፋውም። አይጦቹ በክረምቱ ሁሉ በልተው የማይጨርሱት እህል በዚያ መንገድ ጠፋ። እርግጥ 5.5ም ሲስት ቀጭን ቆርቆሮ ሊበሳ ይችላል፤ ስለዚህ የትኛውም ካሊበር ወደ ጣሪያ አይተኮስም። ግንብ ወይም ወፍራም ሳንቃ ከኋላው በሌለበት አይጥ ላይ ቃታ አይሳብም።

ከዚህ የባሰው አይጡ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲታይ መተኮስ ነው። ይህን ሳይ መታገሥ አልችልም። ጥይቱ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ሰውን በተለይም ሕፃናትን ይመርዛል፣ አእምሯቸውንም ይጎዳል። ጆንያ ውስጥ የገባ ጥይት ተለቅሞ አይወጣም፤ ለስላሳ ስለሆነ ከእህሉ ጋር ወፍጮ ቤት ገብቶ ይፈጫል፣ ከዚያም እንጀራ ሆኖ ይቀርባል። አይጡ ይሂድ! ነገም ይመለሳል፤ መንገዱም ያው በግድግዳው ሥር ነው። እዚያ ጠብቁት።

ሌላው ስህተት ከፍታን መርሳት ነው። በሞላ (በስፕሪንግ) የሚሠራ ጠመንጃ፣ ሞላው ፒስተን የሚባለውን የውስጥ ገፊ ሲያስፈነጥር የሚጨምቀው በዙሪያው ያለውን አየር ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ብቻ ያህላል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግፊቱ ከአምስት አራት እጅ ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው በቆላ አገር የለካው ጉልበት እዚህ አይገኝም። በዚያ ላይ ከፊቱ የሚመክተው አየር የሳሳበት ፒስተን ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር በኃይል ይላተማል፤ በጣም ቀላል ጥይት ሲጨመርበት ደግሞ ግጭቱ ይብሳል፣ ሞላውና ማሸጊያውም ቶሎ ያልቃሉ። ደሴ ላይ የተስተካከለ ማነጣጠሪያ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሰው መልሶ ሊፈትሸው ይገባል። አየር አስቀድሞ በፓምፕ የሚሞላበት ጠመንጃ በግፊት መለኪያ ስለሚሞላ ይህ ችግር ያን ያህል አይነካውም፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው።

የብረት ኳስ ጠመዝማዛ ጎድጓድ ባለው የእርሳስ ጥይት አፈሙዝ ውስጥ አታስገቡ። ጎድጓዱን ይፍቃል፣ ከግንብ ነጥሮም ዓይን ያጠፋል።

ያለ ጥይትም አትተኩሱ፤ ሲሊንደሩ ውስጥም ያገኛችሁትን ዘይት አታንቆርቁሩ፤ በግፊቱ ሙቀት ይቀጣጠላል።

ጀማሪዎች ጠመንጃውን ጨምድደው ይይዙና «ይስታል» ብለው ካሊበሩን ይወቅሳሉ። እዚህ ላይ አልቆጣም፤ ነገሩ በእርግጥ ግራ ያጋባል። የሞላ ጠመንጃ ሲተኮስ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይነቀነቃል፤ ጥይቱም ገና ከአፈሙዙ አልወጣም። አጥብቆ የያዘው እጅ ንቅናቄውን በየጊዜው በተለያየ መንገድ ያዛባዋል። የፊተኛውን እጅ መዳፍ ዘርግታችሁ ጠመንጃው ይረፍበት፤ ሰደፉንም ትከሻ ላይ ሳትጫኑ አስጠጉት።

ጉጉትን የሚተኩሱ አሉ፤ ሟርት ነው ብለው። ከማናችንም በላይ አይጥ የምትለቅመው እሷ ናት። ተዉአት።

ቀዳዳ ሳይደፍኑ መተኮስም ከንቱ ድካም ነው። አይጥ የምታረግዘው ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው፤ በጥይት አትቀድሟትም። መጀመሪያ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ድፈኑ፣ ጆንያውን ከግድግዳ አርቃችሁ በእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩ። ጠመንጃው ለተረፉት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱና የፈቃዱን ነገር ጠይቁ፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የወጣ በመሆኑ በግምት የሚኬድበት ጉዳይ አይደለም። መንገድ ላይም ሳትሸፍኑ አትያዙት። ከሩቅ የሚያያችሁ ሰው የአየር ጠመንጃ መሆኑን በምን ያውቃል?

4.5 መጥፎ ነው አላልኩም። በኦሎምፒክ የ10 ሜትር ውድድር የሚተኮሰው እሱ ነው፤ ዒላማ መለማመድ ለሚፈልግ ጥይቱ ርካሽ ስለሆነ እኔም እሱን እመክራለሁ። ለመጋዘን አይጥ ግን 5.5 ውሰዱ። ከአንድ ዓይነት ጥይት ብዙ ከመግዛት ደግሞ ከሁለት ሦስት ዓይነት አንድ አንድ ጣሳ ገዝታችሁ በ15 ሜትር ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ሞክሩ። አምስቱ በአንድ ብር ሳንቲም ስፋት ውስጥ የገቡላችሁን ያዙ፤ ያልገቡትን ለልምምድ ተዉአቸው።