ጣፋጭ የሚወድ ሰው ክብደቱን እንዴት ይቀንሳል?

ክብደት ለመቀነስ የወሰነ ጣፋጭ ወዳድ ሰው መጀመሪያ የሚነሣው ኬክ ላይ ነው። እኔም ለዓመታት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ ኬክ እርም ብዬ፣ ቅዳሜ ከወዳጆቼ ጋር ስገናኝ የሳምንቱን ሁሉ በአንድ መቀመጫ እበላ ነበር። በኋላ ቁጭ ብዬ ስኳሬን ስቆጥር፣ ከኬክ ቤት የሚመጣው ጥቂቱ፣ ብዙው ደግሞ ጣዕሙን እንኳ ሳላስተውል በሻይ፣ በማኪያቶና በለስላሳ የጠጣሁት ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ የሚጠጣውን ስኳር እየቀነሱ፣ ከልብ የሚወዱትን ጣፋጭ ግን በቦታው ማቆየት፣ የአካል ብቃት እንቅስቃሴንም ለኬክ የሚከፈል ዕዳ ከማድረግ ይልቅ ራሱን የቻለ ልማድ ማድረግ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በተለይም ኢንሱሊን ወይም የደም ስኳር የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡሮች የስኳርም ሆነ የእንቅስቃሴ ልማዳቸውን ከመለወጣቸው በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

1. የስኳሩን መጠን ይወቁ

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ከቤት ይጀምራል። አንድ ኪሎ ስኳር የተከፈተበትን ቀን በከረጢቱ ላይ ይጻፉና ያለቀበትን ቀን ይመልከቱ። አራት ሰው በሚኖርበት ቤት አንድ ኪሎ ስኳር በሳምንት የሚያልቅ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 36 ግራም ይደርሳል፤ ይህም በመሥሪያ ቤት የተጠጣው ሻይ፣ ለስላሳውና ብስኩቱ ሳይቆጠር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ መሠረት ነጻ ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው የመጀመሪያው 50 ግራም፣ ሁለተኛው 25 ግራም ይሆናል። ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 25 ግራም ማለት ስድስት ማንኪያ ማለት ነው። ነጻ ስኳር የሚባለው በእጅ የሚጨመረው ብቻ አይደለም፤ ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም ይጨመሩበታል። ሳይጨመቅ የሚበላ ፍራፍሬና በወተት ውስጥ ያለው ስኳር ግን አይቆጠሩም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን፣ ከእነርሱም አንዱ የዕረፍት ወይም የበዓል ቀን ሆኖ፣ የቀመሱትን ጣፋጭ ነገር ሁሉ ወዲያውኑ በስልክዎ ይመዝግቡ። ማንኪያው ልሙጥ ነው ወይስ የተቆለለ የሚለውን አብረው ይጻፉ፤ የተቆለለ ማንኪያ የልሙጡን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

2. የሚጠጣውን ስኳር ይቀንሱ

ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመለከተዋለሁ። የተጠጣ ስኳር እንደተበላ ምግብ አያጠግብም፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ የጠጣ ሰው ምሳውን ሲበላ ያንን ያህል ቀንሶ አይበላም። በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚቀርበው የተለመደ ለስላሳ ወደ 32 ግራም፣ ማለትም ስምንት ማንኪያ ያህል ስኳር አለው። ስምንት ማንኪያ ስኳር ሻዩ ውስጥ ሲጨመር የሚያይ ሰው ይደነግጣል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ሲሆን ግን ማንም አያየውም።

ሻይን በተመለከተ በአንድ ጊዜ መተው አያስፈልግም። ሦስት ማንኪያ የሚጨምሩ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ። ምላስ የለመደውን ይጠይቃል፤ ቀስ ተብሎ ሲቀነስለት ግን ይላመዳል። እኔ ከሦስት ወደ አንድ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ዛሬ ሦስት ማንኪያ የገባበት ሻይ ሲቀርብልኝ መጠጣት ያቅተኛል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ሄል በደንብ የፈላበት ሻይ መዓዛው ራሱ የጣፋጭነት ስሜት ስለሚሰጥ ስኳሩ መቀነሱ ብዙ አይታወቅም።

ቡና ላይ ችግሩ ስኳሩ ቀድሞ ሲኒው ውስጥ መግባቱ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ከገባባቸው በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ብቻ ስድስት ማንኪያ ይሆናል፤ የቀኑ መጠን በዚያው ተሞላ ማለት ነው። በእንግድነት ሲቀመጡ ቡናው ከተቀዳ በኋላ አልፈልግም ማለት ቡናውን ያፈላችውን ያስቀይማል፤ ሲኒዎቹ ገና ሲደረደሩ ግን «ለእኔ ስኳሩን ተይልኝ፣ ጤና አዳም ካለ ግን አድርጊልኝ» ቢሉ ማንም ቅር አይሰኝም። በብዙ የገጠር አካባቢ ቡና በጨው ወይም ያለ ምንም ነገር የሚጠጣ በመሆኑ ያለ ስኳር ቡና መጠየቅ እንግዳ ነገር አይደለም።

ጭማቂ ቤት የሚገባ ሰው ጤናማ ነገር እንደመረጠ ይሰማዋል፤ ይሁን እንጂ ስፕሪስና የአቮካዶ ጭማቂ ብዙ ጊዜ ስኳር ወይም ሽሮፕ ይጨመርባቸዋል። ትእዛዝዎን ሲሰጡ «ስኳር እንዳይገባበት» ብለው አስቀድመው ይናገሩ። ከዚያም የሚሻለው ማንጎውንና ፓፓያውን ቆርጦ መብላት ነው፤ በሚበላ ፍራፍሬ ውስጥ ያለው አሰር (ፋይበር) ሆድን ስለሚሞላ ሦስት ማንጎ ጨምቆ መጠጣት የሚችል ሰው ቆርጦ ሲበላ አንዱን ጨርሶ ይበቃዋል።

ስኳርን በማር መተካት ክብደት ለመቀነስ የሚያመጣው ጥቅም የለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 64 ካሎሪ አለው። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችን በተመለከተም የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ክብደትን ለመቆጣጠር ሲባል እንዳይዘወተሩ መክሯል፤ ምክሩ ቀድሞውኑ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም። በእኔ እምነት ምላስን ከኃይለኛ ጣፋጭነት ማላቀቅ ስኳሩን በሌላ ከመተካት ይበልጣል።

3. የሚወዱትን ጣፋጭ ይምረጡ

ከመዝገብዎ ላይ ባይኖሩ የማይናፍቋቸውን ጣፋጮች ይሰርዙ። ከሻይ ጋር ስለቀረበ ብቻ የተበላው ብስኩት፣ ስብሰባ ላይ ሳይታሰብ የተነሣው ከረሜላ፣ ልጆች ያስተረፉት ኬክ ከዚህ ወገን ናቸው። ከልብ የሚወዱትን ግን ያስቀሩ፤ ባክላቫ ሊሆን ይችላል፣ ሙሸበክ፣ ትኩስ ቦምቦሊኖ፣ ወይም ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁት የአንድ ቤት ኬክ። ለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን ይመድቡለት።

ቀኑ ሲደርስ ምግብ ከበሉ በኋላ፣ ተቀምጠው፣ ስልክዎን አስቀምጠው ይብሉት። በባዶ ሆድ የሚበላ ጣፋጭ የደም ስኳርን ፈጥኖ ከፍ ያደርጋል፤ የራበው ሰው ደግሞ አንድ ቁራጭ በልቶ ማቆም ይቸግረዋል። ኬኩን በኪሎ ገዝቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከማስቀመጥ ወጥቶ አንዱን ቁራጭ በልቶ መመለስ የተሻለ መሆኑን ከልምድ አውቃለሁ።

በጾም ወራት የሚሸጠው የጾም ኬክ ቅቤና እንቁላል አይኑረው እንጂ ስኳሩ አልቀነሰም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ በለስላሳ ወይም በጭማቂ መፈሰክም ብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ እህል ቢቀመስ የስኳሩ ፍላጎት በራሱ ይበርዳል። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይም ሦስት ተምር በውኃ ከተወሰደ በኋላ ጣፋጭ ጭማቂ መጨመር አያስፈልግም።

4. ስኳር የሚያስመኘውን ረሃብ ይከላከሉ

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አካባቢ የሚመጣው የጣፋጭ አምሮት አብዛኛውን ጊዜ የምሳ ጉድለት ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ በበቂ መጠን፣ ከጎመን ወይም ከሰላጣ ጋር የበላ ሰው አምሮቱ ይቀልለታል፤ ፕሮቲንና አሰር ረጅም ሰዓት ያጠግባሉና። ለመክሰስ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ ጥሩ ነው፤ ሆኖም 30 ግራም ኦቾሎኒ ወደ 170 ካሎሪ ስላለው ከከረጢቱ ሳይሆን በእፍኝ ለክተው ይውሰዱ። እንቅልፍ ያጣ ሰውም በማግስቱ ምግብ፣ በተለይ ጣፋጭ ያምረዋል።

5. እንቅስቃሴውን ከኬኩ ይለዩት

«ዛሬ ስለሮጥሁ ኬክ ይገባኛል» ማለት ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ስሌት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ወደ 130 ካሎሪ አለው። የግማሽ ሰዓት ጉዞ በሁለት ደቂቃ ይጠጣል። ኬኩ ለእግር ጉዞ ሽልማት ከሆነ ደግሞ፣ ያልተራመዱበት ቀን የቅጣት ቀን ይሆንና ሁለቱም ነገር ያስጠላል።

እንቅስቃሴ ያለው ጥቅም ከዚህ የሰፋ ነው። ክብደት ሲቀንስ ስብ ብቻ ሳይሆን ጡንቻም አብሮ ይቀንሳል፤ ጡንቻን የሚሠራ እንቅስቃሴ ይህን ይከላከላል። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ፣ ከምግብ በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መራመድ የደም ስኳር በጣም ከፍ እንዳይል ይረዳል። የቀነሰው ክብደት ተመልሶ እንዳይመጣም ከምግብ ልማድ ጋር ትልቁ ረዳት እንቅስቃሴ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል።

ይህ ጂም መመዝገብን ግድ አይልም። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ 150 ደቂቃውን ይሞላል፤ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀደም ብሎ መውረድ ከዚያ ላይ ግማሹን ሊሸፍን ይችላል። ለጡንቻው በቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕና ውኃ የተሞላ የ5 ሊትር ጀሪካን ማንሣት ለጀማሪ በቂ ናቸው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ወይም ጃንሜዳ ቢሄድ አብሮት የሚሠራ አያጣም፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ከቆላ የመጣ ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀስ ብሎ ይጀምር። ከአንድ ሰዓት ላነሰ እንቅስቃሴ ጣፋጭ የኃይል መጠጥ አያስፈልግም፤ ውኃ ይበቃል።

6. ሒሳቡን አብረው ይሥሩት

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣና አንድ ለስላሳ የሚጨምር ሰው አለ እንበል። ከሻዩ 48 ግራም፣ ከለስላሳው 32 ግራም፣ በድምሩ 80 ግራም ስኳር ይወስዳል። እያንዳንዱን ሻይ ወደ አንድ ማንኪያ ቢያወርድና ለስላሳውን በውኃ ቢተካ ስኳሩ ወደ 16 ግራም ይወርዳል፤ አንድ ግራም ስኳር 4 ካሎሪ ስለሆነ የቀነሰው 64 ግራም ከ250 ካሎሪ በላይ ነው። የግማሽ ሰዓቱ ጉዞ 150 ሲጨመርበት በቀን 400 ይሆናል። አሁን በሳምንት ሁለት ቁራጭ ኬክ፣ እያንዳንዱ 350 ካሎሪ ቢሆን፣ በቀን ሲካፈል 100 ይደርሳል። 300 ይተርፋል ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ በወር 9,000 ካሎሪ የቀነሰ ሰው በስሌት ደረጃ ከአንድ ኪሎ በላይ ይቀንሳል፤ ኬኩን እየበላ። ሌላው ምግቡ እንደነበረ ከቆየ ነው ይህ የሚሆነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ሰውነትም ስለሚለያይ ሚዛኑ ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

7. በሳምንት አንድ ጊዜ ይመዘኑ

ሁልጊዜ በአንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመዘኑ፤ ወገብዎንም በወር አንዴ በሜትር ይለኩ። የአንድ ቀን ልዩነት ብዙ ጊዜ ውኃና ጨው እንጂ ስብ አይደለም። ሠርግ ወይም በዓል ላይ ከታሰበው በላይ ከተበላ በማግስቱ አለመጾም፣ እጥፍ አለመሮጥም ይገባል፤ ወደ ተለመደው ቁርስና ወደ ተለመደው ጉዞ መመለስ ይበቃል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ ቢቆም አንዱ ምክንያት የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለው ካሎሪ ማነሱ ነው። ሆኖም ምግብዎን ከመቀነስዎ በፊት የሦስት ቀኑን መዝገብ እንደገና ይያዙና ማንኪያውን ይመልከቱት፤ ልሙጥ የነበረው ማንኪያ ሳይታወቅ እንደገና መቆለል ጀምሮ ይሆናል።